ልማድ በተቋረጠ ማግስት

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለው የአማርኛ ተረት፣ ልማድ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ እጅን እንደሚያንቀሳቅስ ያመለክታል። ሰው ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ከቤቱ ወደ ሥራው የሚወስደውን ጎዳና ሲይዝ እያንዳንዷን እርምጃ እየመረመረ አይደለም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ገና ከደጁ ሳይወጣ ቀኑ በመሸበት ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ለልማድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠውም ስለዚህ ነው። በእርሱ አስተያየት ልማድ አእምሮን ከጥቃቅን ጉዳዮች አሳርፎ ለከፍተኛ ተግባር ነፃ የሚያወጣ ከመሆኑም በላይ፣ ኅብረተሰብ በያዘው ሥርዓት ጸንቶ እንዲኖር የሚያደርግ ኃይል ነው።

ይሁን እንጂ አገልጋዩ ጌታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የለመደው ነገር እንደሚጎዳው እያወቀ የማይተው፣ የሚበጀውን እያየ የማይጀምር ሰው በየቤቱ ይገኛል። ምክርና ግሣጼ፣ መሐላና ብርቱ ውሳኔም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት አይዘልቁም። ነገር ግን የዕለት ተዕለቱ ኑሮ ራሱ በውጭ ኃይል ሲቋረጥ፣ ማለትም የመንግሥት አዋጅ ሲወጣ፣ ጦርነት ሲነሣ፣ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ ወይም ወረርሽኝ ሲገባ፣ ለዓመታት የማይነቃነቅ ይመስል የነበረው ልማድ በአንድ ጀንበር ሲናጋ ይታያል። ጥያቄው የሚነሣውም በዚያ ማግስት ነው። አሮጌው ልማድ ሞቷልን ወይስ አድፍጧል? አዲሱስ ሥር ይሰዳልን ወይስ ሁኔታው ሲረጋጋ አብሮ ይጠፋል? ይህ ጥያቄ ለሐኪሙ፣ ለመሐንዲሱ፣ ለመምህሩና ለአስተዳዳሪው የሥራ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነው። ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ ለዚህ ምላሽ የሚሆኑ ምስክሮችን ያቀርባል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የተሰረዘው እሑድ

በ1929 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያውን የ5 ዓመት ዕቅድ በመፈጸም ላይ ነበረች። ታላላቅ ፋብሪካዎች በሚተከሉበት፣ ውድ መሣሪያዎችም ከውጭ በሚገዙበት በዚያን ጊዜ በየሳምንቱ እሑድ ሞተሩ ሁሉ ጸጥ ማለቱ ለአንዳንድ ዕቅድ አውጪዎች ከባድ ብክነት መስሎ ታያቸው። ዩሪ ላሪን የተባለው የኢኮኖሚ ሰው በዚሁ ዓመት በግንቦት ወር በተደረገው የሶቪየቶች 5ኛ ጉባኤ ላይ መቋረጥ የሌለበት የሥራ ሳምንት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ ብዙ ደጋፊ ባያገኝም፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ በመንግሥት ተቀባይነት አግኝቶ ከዚያው ዓመት መጸው ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። የ7 ቀኑ ሳምንት ቀርቶ በምትኩ የ5 ቀን ሳምንት ገባ። ሠራተኛው በ5 ወገን ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ቀለም ተሰጠው። የአንዱ ቀለም ወገን በመጀመሪያው ቀን ሲያርፍ የሌላው በሁለተኛው ያርፋል፤ በዚህም መሠረት በማናቸውም ዕለት ከ5 ሠራተኞች 4ቱ በሥራ ላይ ስለሚገኙ ፋብሪካው ከዓመት እስከ ዓመት አይዘጋም። ለሠራተኛውም ቢሆን ዕረፍቱ በየ7 ቀን መሆኑ ቀርቶ በየ5 ቀን ስለ ሆነ፣ በቁጥር ሲታይ ተጠቃሚ ነበር። ከዚህም በላይ አዋጁ ሌላ ዓላማ ነበረው፤ እሑድ እንደ ማንኛውም ቀን ሲሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ይቀንሳል ተብሎ ታስቦ ነበር።

በወረቀት ላይ ያማረው ይህ ሥርዓት በቤት ውስጥ ሌላ መልክ ያዘ። ባል በአንድ ቀን፣ ሚስት በሌላ ቀን፣ ልጆች ደግሞ በሦስተኛው ቀን የሚያርፉበት ቤተ ሰብ ተፈጠረ። ጓደኛሞች አብረው የሚውሉበት፣ ዘመድ የሚጠያየቅበት ዕለት ጠፋ። ሰው ዕረፍት አገኘ እንጂ አብሮት የሚያርፍ አላገኘም። በፋብሪካውም ቢሆን የተጠበቀው ውጤት አልተገኘም። ቀን ከሌሊት የሚሽከረከረው መሣሪያ የሚጠገንበት ጊዜ በማጣቱ ብልሽት በዛ። በአንድ መሣሪያ ላይ የሚፈራረቁት ሠራተኞች ብዙ በመሆናቸውም ለጉዳቱ ኃላፊ የሚሆን ጠፋ። ስታሊን ራሱ በሰኔ 1931 ባደረገው ንግግር ይህን የኃላፊነት መጥፋት በብርቱ ነቀፈው። በዚያው ዓመት ከዲሴምበር 1 ቀን ጀምሮ የ5 ቀኑ ሳምንት በአብዛኛው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድነት በየወሩ በ6ኛው፣ በ12ኛው፣ በ18ኛው፣ በ24ኛውና በ30ኛው ቀን የሚያርፍበት የ6 ቀን ሳምንት ተተካ። ይህም ቢሆን አልዘለቀም። በገጠር የሚኖረው ገበሬ ከቀድሞው እሑዱ አልተላቀቀምና። በመጨረሻም ሰኔ 26 ቀን 1940 በወጣው አዋጅ የ7 ቀኑ ሳምንት ከነእሑዱ ተመለሰ።

አሥራ አንድ ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመንግሥት ሥልጣን፣ ጋዜጣውና የቀን መቁጠሪያው በአዲሱ ሥርዓት በኩል ቆመው ነበር። ሆኖም አሮጌው ልማድ አልሞተም። በሩስያ ቋንቋ እሑድ የሚጠራበት ቃል ትርጓሜው «ትንሣኤ» ማለት ነው፤ ቃሉም በአዋጁ ዘመን ሁሉ ከሰው አፍ አልጠፋም። የ7 ቀኑ ሳምንት የአንድ ግለሰብ ልማድ ሳይሆን ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ቀጠሮ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ግን ቀጠሮውን አፍርሶ በምትኩ ሌላ ቀጠሮ አልሰጠም። የብዙ ሰው ልማድ በሌላ የብዙ ሰው ልማድ ካልተተካ በቀር በአዋጅ ብቻ እንደማይሻር ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ከግራ ወደ ቀኝ

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ስዊድናውያን ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በጎዳና ላይ የሚጓዙት ግራቸውን ይዘው ነበር። ፈረስና ሠረገላ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም። አውቶሞቢል ሲበዛ ግን ሁለት እንከኖች ታዩበት። አንደኛው የጎረቤት ጉዳይ ነው። በየብስ የሚያዋስኗት ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ይነዱ ስለ ነበር ድንበር የሚሻገር ሾፌር ሁሉ የዕድሜ ልክ ልማዱን በአንዲት ቅጽበት መገልበጥ ነበረበት። ሁለተኛው እንከን የመኪናው አሠራር ነው። በስዊድን ከነበሩት መኪናዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት መሪያቸው በግራ በኩል ነበር። ስለዚህ ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ መካከል በኩል ሳይሆን በዳሩ በኩል ሆነ። ከፊቱ የሚሄደውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግም ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው የገዛ መኪናውን አካል ወደ መካከል አውጥቶ ለአደጋ ካጋለጠ በኋላ ነው። በጠባቡ የገጠር መንገድ ላይ ይህ የሞት ምክንያት ነበር።

ችግሩ ለሁሉም የታወቀ ቢሆንም ሕዝቡ ለውጡን አልፈለገም። በ1955 በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ በግራ መንዳት እንዲቀጥል ፈረዱ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እጅና እግር የለመዱትን አእምሮ በአንድ ቀን ማስረሳት አይቻልም፤ በተለይም ሾፌር በድንገት ሲደነግጥ ወደ ቀድሞው ጎኑ ዘወር ማለቱ አይቀርም የሚል ሥጋት ነበር። ይሁንና የመኪናው ብዛት ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሲሄድ ለውጡ የሚጠይቀው ወጪና አደጋም አብሮ እንደሚያድግ ግልጽ ሆነ። የስዊድን ምክር ቤት በ1963 በግንቦት ወር የሕዝቡን ድምፅ ወደ ጎን ትቶ ወደ ቀኝ መዛወርን በሕግ ደነገገ። ለአፈጻጸሙም ራሱን የቻለ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ከ1965 ጀምሮ ጉዳዩን በበላይነት የመራው የመገናኛ ሚኒስትሩ ኡሎፍ ፓልመ ሲሆን፣ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው እርሱ ነው።

ኮሚሲዮኑ የ4 ዓመት ጊዜ ነበረው። በሥነ ልቡና ባለሙያዎች ምክር የተዘጋጀው የትምህርት ዘመቻ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣና በየቤቱ በታደለው መጽሔት ተካሄደ። የለውጡ ምልክት በወተት መያዣው ካርቶን ላይ፣ አልፎ ተርፎም በውስጥ ልብስ ላይ ሳይቀር ታተመ። ለዘመቻው የሚሆን ዘፈን በውድድር ተመረጠ። ይህ ሁሉ ግን ለጆሮና ለዓይን የተደረገ ዝግጅት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ሥራ የተሠራው በጎዳናው ላይ ነበር። ወደ 360 ሺህ የሚጠጉ የመንገድ ምልክቶች መለወጥ ነበረባቸው። በየመስቀለኛው መንገድ ሁለተኛ ረድፍ የትራፊክ መብራት ተተክሎ በጥቁር ላስቲክ ተሸፈነ። በአስፋልቱ ላይ አዲስ ነጭ መስመር ተቀብቶ በጥቁር ፕላስተር ተደበቀ። የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ወደ ማዶ ተዛወሩ። ከአንድ ሺህ በላይ አዳዲስ አውቶቡሶች በራቸው በቀኝ በኩል ሆኖ ተገዙ፤ ከአሮጌዎቹም በርካቶቹ በሁለቱም ጎን በር ተከፈተላቸው። በስቶክሆልም መካከልና በማልመ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ትራሞች አብዛኛዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው በአውቶቡስ ተተኩ።

የተቆረጠው ቀን እሑድ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስዊድናውያን ቀኑን «ዳገን ሆ» ብለው ይጠሩታል፤ «የቀኝ ቀን» እንደ ማለት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ አስፈላጊ ከሆኑት በቀር ተሽከርካሪ ሁሉ እንዳይንቀሳቀስ ታገደ። በስቶክሆልም እገዳው ከቅዳሜ ጧት 4 ሰዓት እስከ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት የቆየ ነበር። ሠራተኞች በሌሊት እየዞሩ ላስቲኩን ከመብራቱ፣ ፕላስተሩንም ከአስፋልቱ አነሡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲሆን በመንገድ ላይ የተገኘ ተሽከርካሪ ሁሉ ባለበት ቆመ። በጥንቃቄ ወደ ቀኝ ተሻገረ። እንደገና ቆመ። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ጉዞ ተፈቀደ። ያን ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ይህን ትርኢት ለማየት በየጎዳናው ዳር የቆመው ሕዝብ ብዙ ነበር።

የተፈራው አደጋ አልደረሰም። በማግሥቱ ሰኞ፣ ማለትም ሁሉም ወደ ሥራው በተመለሰበት በመጀመሪያው ቀን፣ በመላ አገሪቱ የተመዘገበው የትራፊክ አደጋ 125 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሰኞዎች ቁጥሩ ከ130 እስከ 198 ይደርስ ነበር። ከ125ቱም አንዱ እንኳ ሞት ያስከተለ አልነበረም። በ1966 በመንገድ አደጋ የሞቱት 1,313 ሰዎች ሲሆኑ፣ ለውጡ በተደረገበት በ1967 ወደ 1,077 ወረዱ። 83 በመቶ ሕዝብ የተቃወመው ለውጥ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ200 በላይ ሰዎችን ከሞት ያተረፈ መሰለ።

ደስታው ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ለመድን ድርጅቶች የሚቀርበው የካሣ ጥያቄ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 40 በመቶ ያህል ቢቀንስም ከ6 ሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። የሞቱም ቁጥር ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሄዶ በ2 ዓመት ውስጥ ከለውጡ በፊት ወደ ነበረበት ተጠጋ።

ሁለት ልማዶች፣ ሁለት ዕድሎች

ይህ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር በአንድ ሌሊት የተለወጠው ልማድ አንድ ሳይሆን ሁለት እንደ ነበረ ይታወቃል። የመጀመሪያው የጎን ልማድ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ። ሁለተኛው የጥንቃቄ ልማድ ነው። አዲሱ ጎን እንግዳ በመሆኑ ሾፌሩ ሁሉ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ እግረኛውም ግራና ቀኙን ደጋግሞ አየ፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተጠባበቁ። የትራፊክ አደጋን የቀነሰው የቀኙ ጎን ሳይሆን ይህ የጋራ ጥንቃቄ ነበር። ከሁለቱ ልማዶች የመጀመሪያው ለዘለቄታው ጸና፤ ሁለተኛው ተነነ።

ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? የጎን ልማድ በሾፌሩ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም። በአስፋልቱ ቀለም፣ በመብራቱ አተካከል፣ በአውቶቡሱ በር፣ ከሁሉም በላይ ከፊት በሚመጣው ሾፌር አነዳድ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አንድ ሰው ቢረሳ እንኳ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ያስታውሰዋል። የጥንቃቄው ልማድ ግን የቆመው በፍርሃት ላይ ብቻ ነበር። አዲሱ ጎን እየተለመደ ሲሄድ ፍርሃቱ ለቀቀ፤ ፍርሃቱ ሲለቅ በእርሱ ላይ የቆመው ጥንቃቄም ወደቀ። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ምሁር ጄራልድ ዋይልድ በ1982 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው የሚቀበለው የአደጋ መጠን በልቡ የተወሰነ ነው፤ መንገዱ አስፈሪ ሲመስለው ይጠነቀቃል፣ የማያሰጋ ሲመስለው ይፈጥናል ሲል የስዊድንን ታሪክ ለምስክርነት ጠቅሷል። ንድፈ ሐሳቡ ከሌሎች ምሁራን ብዙ ክርክር ገጥሞታል። የክርክሩ ፍጻሜ ምንም ይሁን ምን፣ በፍርሃት ብቻ የተመሠረተ ልማድ ፍርሃቱ ከሚቆይበት ጊዜ አልፎ እንደማይሄድ የስዊድን ቁጥሮች በግልጽ ያሳያሉ።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ስዊድንን በ3 ዓመት የቀደመች መሆኗ ሊታወስ ይገባል። በኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ተሽከርካሪ ይነዳ የነበረው በግራ ሲሆን፣ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቀኝ ተዛውሯል። የመኪናው ቁጥር ከስዊድን ጋር የማይወዳደር ስለ ነበር ጉዳዩ በዓለም ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይጠቀስም። ነገር ግን ለውጡን ቀድሞ ማድረግ፣ ማለትም መንገዱ ሳይሰፋ፣ መብራቱና መኪናው ሳይበዛ ማድረግ፣ ስዊድን በውድ ዋጋ የገዛችውን በርካሽ መግዛት ነበር። ከአፍሪካ አገሮችም ጋምቢያ በ1965፣ ሴራሊዮን በ1971፣ ናይጄሪያ በ1972፣ ሱዳን በ1973፣ ጋና በ1974 ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች። ስለዚህ ሞያሌ ላይ ድንበሩን የሚሻገር ሾፌር ስዊድናውያን በአንድ ሌሊት ያደረጉትን በየጉዞው ያደርጋል። አዲስ ጎን መያዙን ከመሪው ይልቅ የሚያስታውሰው ከፊቱ የሚመጣው መኪና ነው፤ መንገዱ ጭር ያለ እንደ ሆነ ግን የቀድሞው ልማድ ተመልሶ እጁን ሊስበው ይችላል።

ቦታ የለቀቀ ልማድ

ሦስተኛው ምስክር የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። በ1971 በቬትናም የሚዋጉት የአሜሪካ ወታደሮች በሄሮይን ሱስ መያዛቸው ሲሰማ በዋሽንግተን ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። ሄሮይን አንዴ የያዘውን አይለቅም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሱሰኞች ወደ አሜሪካ ከተሞች እየተመለሱ ነው የሚል ሥጋት ተስፋፋ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ለጉዳዩ ልዩ ጽሕፈት ቤት አቋቁመው በኃላፊነት ሐኪሙን ጀሮም ጃፌን ሾሙ። ወታደሩ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሽንቱ እንዲመረመርና ዕፁ የተገኘበት እዚያው እንዲቆይ ተደረገ። የተመላሾቹን ዕጣ እንድትከታተል የተመረጠችው በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትገኘው ተመራማሪ ሊ ሮቢንስ ነበረች።

ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነቀ፣ አንዳንዶችንም ያላሳመነ ሆነ። በጥናቱ ከተጠየቁት ወታደሮች 20 በመቶ ያህሉ በቬትናም ሳሉ ሱሰኛ እንደ ነበሩ ተናገሩ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ አገራቸው በተመለሱበት በመጀመሪያው ዓመት እንደገና በሱስ የተያዙት 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ በ3 ዓመት ውስጥም ቁጥሩ ከ12 በመቶ ያህል አልዘለለም። ከተመለሱ በኋላ ዕፁን እንደገና የቀመሱ አልጠፉም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በሱሱ አልተያዙም። በአገር ቤት ታክመው ከሚወጡት ሱሰኞች መካከል ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ወደ ነበሩበት ይመለሱ ስለ ነበር ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የቦታ ጉዳይ ነው። ወታደሩ ዕፁን የለመደው በአንድ በተወሰነ ዓለም ውስጥ ነበር። ሙቀቱ፣ ጥበቃው፣ መሰልቸቱና ፍርሃቱ፣ ዕፁን የሚያቀርብለትና አብሮት የሚያጤሰው ጓድ ሁሉ የልማዱ አካል ነበሩ። አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ይህ ሁሉ ከኋላው ቀረ። በሆስፒታል የታከመው ሱሰኛ ግን ከሕክምናው ወጥቶ የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው መንገድ፣ ወደዚያው ባልንጀራ ነው። የዕፁ ዋጋ መወደድ፣ የሕጉ ብርታትና የወጣቶቹ ዕድሜም የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ሁሉንም ለቦታ ብቻ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ልማድ ከሰውዬው ጋር ብቻ የሚዞር ሳይሆን ከፊሉ በአካባቢው ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው መሆኑን ይህ ጥናት አሳይቷል።

የሁለት ቀን አድማ

የአራተኛው ታሪክ ቦታ ለንደን ነው። በፌብሩዋሪ 2014 የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች የ2 ቀን የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ከጣቢያዎቹ ከፊሎቹ ተዘጉ፣ ሌሎቹ ክፍት ሆነው ቆዩ። በየዕለቱ በአንድ መስመር ብቻ የሚመላለሰው መንገደኛ በግድ ሌላ አቅጣጫ መፈለግ ነበረበት። ሻውን ላርኮም፣ ፈርዲናንድ ራውክና ቲም ዊለምስ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ከአድማው በፊትና በኋላ የነበረውን የመንገደኞች ጉዞ በመክፈያ ካርዳቸው ላይ ከተመዘገበው መረጃ አጠኑት።

አድማው ሲያበቃ አብዛኛው ሰው ወደ ቀድሞው መስመሩ ተመለሰ። ነገር ግን አድማው ካስገደዳቸው መንገደኞች ውስጥ 5 በመቶ ያህሉ አልተመለሱም። በግድ የሞከሩት መንገድ ለዓመታት ከለመዱት የተሻለ ሆኖ አገኙት። ሕይወቱን ሙሉ በለንደን የኖረ ሰው ይህን ለምን አስቀድሞ አላወቀም? ለዚህ አንዱ ምክንያት የባቡሩ ካርታ ነው። ሃሪ ቤክ የነደፈውና ከ1933 ጀምሮ የታተመው ይህ ታዋቂ ካርታ ለማንበብ እንዲቀል ተብሎ መስመሮቹን አቃንቶ የሚያሳይ በመሆኑ የጣቢያዎቹን እውነተኛ ርቀት አያሳይም። ተመራማሪዎቹ በካርታው ላይ ርቀቱ ይበልጥ በተዛባበት አካባቢ የሚኖሩት መንገደኞች አዲስ መንገድ የማግኘት ዕድላቸው የበዛ መሆኑን ደረሱበት። የሁለቱ ቀን እንግልት ለብዙዎች ጊዜ ማጥፋት ቢሆንም፣ ለጥቂቶቹ ያተረፈው ጊዜ ሲደማመር ከጠፋው እንደሚበልጥ ገመቱ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከቀደሙት ይለያል። እዚህ ላይ ማንም አላወጀም፣ ማንም አላስተማረም፣ መንገዱም ለዘለቄታው አልተለወጠም። የተከፈተው የ2 ቀን ክፍተት ብቻ ነው። አዲሱ ልማድ የጸናው ከአሮጌው የሚሻል ጥቅም ባገኙት ሰዎች ዘንድ ነው፤ ጥቅም ያላገኙት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የተቋረጠ ዕለት ራሱ ልማድን አይፈጥርም፤ ሰው ዓይኑን ገልጦ እንዲያይ ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ።

ማጠቃለያ

አራቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልማድ በተቋረጠ ማግስት ምን እንደሚከሰት የሚወስኑት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ አዲሱ ልማድ በሰው አሳብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዕቃውና በቦታው ውስጥ መተከሉ ነው፤ ስዊድን ይህን አድርጋለች። ሁለተኛው፣ ለውጡ ሰዎችን የሚያገናኝ እንጂ የሚለያይ አለመሆኑ ነው፤ የሶቪየቱ ሳምንት በዚህ ወድቋል። ሦስተኛው፣ ሰውየው ወደ ቀድሞው አካባቢ መመለሱ ወይም አለመመለሱ ነው፤ የቬትናም ተመላሾች ዕጣ ይህን ያመለክታል። አራተኛው፣ አዲሱ ነገር ለያዘው ሰው በየዕለቱ የሚታይ ጥቅም መስጠቱ ነው፤ የለንደን መንገደኞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ፍርሃት ከእነዚህ መካከል የለም። ፍርሃት ልማድን ማስጀመር ይችላል፤ ማስቀጠል ግን አይችልም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ሁሉ ፍቺ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር የሰው ኑሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለወጠ። ለዘመናት የኖረው እጅ ለእጅ መጨባበጥና ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም በክርን መነካካት ተተካ። በየባንኩ፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ባለ ቧንቧ የውኃ በርሜልና ሳሙና ተቀመጠ፤ ሳይታጠብ የሚገባ አልነበረም። የሕክምና ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት የመከሩትና ያልሰመረላቸው የእጅ መታጠብ ልማድ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተሳካ መሰለ።

ውሎ አድሮ ግን የሆነው እንደ ስዊድኑ ጥንቃቄ ነው። ፍርሃቱ ሲቀንስ በርሜሉ መጀመሪያ ውኃው አለቀ፣ ቀጥሎ ሳሙናው ጠፋ፣ በመጨረሻም ራሱ በርሜሉ ከደጃፉ ተነሣ። የሰላምታው ልማድ ወደ ቀድሞው ቢመለስ አያስገርምም፤ እርሱ እንደ እሑድ የሰዎች ቀጠሮ ነውና። የእጁ መታጠብ ግን ከማንም ጋር አላጣላም ነበር፤ የጠፋው የተቀመጠበት ዕቃ ስለ ተነሣ ነው። በርሜሉ በተነሣበት ቦታ በወቅቱ ከውኃ መስመር ጋር የተያያዘ ቧንቧ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ገና በጠዋቱ ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባ ሰው በሽታውን ከረሳ በኋላም እጁን ወደ ቧንቧው በዘረጋ ነበር።

እንግዲህ መሐንዲስ ሆነ ሐኪም፣ መምህር ሆነ አስተዳዳሪ፣ የሕዝብ ልማድ እንዲታረም የሚሻ ባለሙያ ሁሉ የተቋረጠውን ዕለት ሊያባክነው አይገባም። እንዲህ ያለ ዕለት በፈቃድ አይመጣም፤ በመጣም ጊዜ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ቧንቧው ካልተተከለ፣ መስመሩ በአስፋልቱ ላይ ካልተቀባ፣ ሰው በጋራ የሚይዘው አዲስ ቀጠሮ ካልተገኘ፣ አሮጌው ልማድ ማንም ሳይጠራው ወደ ቦታው ይመለሳል።